ፈልቶ ስለማይጠፋው የመብል መርዝና እርሱን ስለሚገልጸው አንቲቦዲ

በአገው ምድር ከግምጃ ቤት እስከ እንጅባራና እስከ ዳንግላ ድረስ ላም ማርባት ከባላገሩ ዋና ዋና ሥራዎች አንዱ ነው፤ ወተቱ፣ ቅቤውና አይቡም ለቤት፣ ለገበያና ለድግስ ይውላል። ሠርግ ወይም ተዝካር በሆነ ጊዜ መብሉ በዋዜማው ተሰናድቶ ያድርና በማግሥቱ ብዙ ሰው በአንድ ዳስ ይመገበዋል። እንግዶቹ ከበሉ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በአንድነት ማስመለስና ሆድ ቁርጠት ቢይዛቸው፣ «መርዝ አበሉን» ወይም «ቡዳ በላን» የሚል ወሬ ፈጥኖ ይነሣል፤ ጥርጣሬውም ወጡን በሠራችው ሴት ወይም ቀድሞ ቂም ነበረው በተባለው ጎረቤት ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለው ነገር ወደ ሹም ሲደርስ ፍርዱ ከባድ ነው፤ ማስረጃ ሳይኖር ንጹሕ ሰው ሊጎዳ፣ ቤተ ሰብና ቤተ ሰብም ሊጣላ ይችላልና።

ይሁን እንጂ እንዲህ ላለው ሕመም ብዙ ጊዜ ምክንያት የሚሆነው የሰው ክፋት ሳይሆን ስታፊሎኮከስ አውሬየስ የሚባል በዐይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ ከጤነኛ ሰዎች መካከል በሢሶው ያህል አፍንጫ ውስጥ ይኖራል፤ በእጅ ቁስልና በእባጭ መግል፣ እንዲሁም ግቷ በታመመ ላም ወተት ውስጥ ይገኛል። መብሉ ለብ ብሎ ለሰዓታት በቆየ ጊዜ ይራባና ኢንተሮቶክሲን የሚባለውን መርዝ ያፈራል። መርዙ የመብሉን ሽታም ጣዕምም አይለውጥም፤ ከግራም አንድ ሚሊዮንኛ ያነሰውም ሰውን ለማሳመም ይበቃል። ሕመሙ ከግማሽ ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ቀን ውስጥ ይለቃል፤ ነገር ግን ሕፃናትና ሽማግሌዎች የሰውነታቸው ውሃ አልቆ እስከ ሞት ሊደርሱ ይችላሉ።

ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው፣ መፍላት ባክቴሪያውን ሲገድል መርዙን አለማጥፋቱ ነው። መርዙ በ100 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ቢፈላ እንኳ ፈጽሞ አይጠፋም። በደጋ አገር ደግሞ ውሃ ራሱ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ በ2000 ሜትር ከፍታ 93 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ አመሻሹን ታልቦ በሞቃት ስፍራ የቆየ ወተት፣ ጧት ቢፈላ ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም።

ይህም በሌላ አገር በግልጥ ታይቷል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1914 ዓ.ም. ባርበር የተባለ ሊቅ በፊሊፒንስ ደሴቶች ግቷ የታመመ ላም ወተት እንደ ታለበ ሲጠጣ እንደማይጎዳ፣ ለሰዓታት ከቆየ በኋላ ግን እንደሚያሳምም በራሱ ላይ ፈትኖ አረጋገጠ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በጃፓን አገር፣ በሆካይዶ በሚገኝ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ኃይል በመቋረጡ ወተት ሳይቀዘቅዝ ቆየ፤ ከዚያም ወተት ዱቄት ተሠርቶ፣ በኦሳካና በአካባቢዋ ከ13,000 የሚበልጥ ሰው ታመመ። ባክቴሪያው በሙቀት ሞቶ ነበር፤ መርዙ ግን በዱቄቱ ውስጥ ተገኘ።

ባክቴሪያው ሞቶ መርዙ ብቻ በቀረ ጊዜ፣ ባክቴሪያን አራብቶ ማየት ለመርማሪው አይረዳውም፤ መርዙን ራሱን የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። ይህም አንቲቦዲ ወይም ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው ነው። ጥቂት የተጣራ መርዝ በጥንቸል ሰውነት በመርፌ ሲገባ፣ ደሟ ያንን መርዝ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ያፈራል። ለአንድ ፈረስ ጀርባ የተለካ ኮርቻ በሌላው ላይ በደንብ እንደማይደላደል፣ አንቲቦዲውም በተለካለት መርዝ ላይ ይጣበቃል። በ1975 ዓ.ም. ከለርና ሚልስታይን የተባሉ ሊቃውንት በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የአይጥን ሕዋስ ከካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሕደው፣ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ያለ ማቋረጥ የሚገኝበትን ዘዴ አሳዩ፤ በ1984 ዓ.ም.ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በላቦራቶሪ አንቲቦዲው በትንሽ ጎድጓዳ ሳሕን ይለጠፋል፤ ከመብሉ የተጨመቀው ፈሳሽ ሲፈስበት መርዙ ይያዛል፤ ሌላው ታጥቦ ይወገዳል። ከዚያ ቀለም የሚያወጣ ሁለተኛ አንቲቦዲ ሲጨመር፣ መርዝ ካለ ፈሳሹ ቀለሙን ይለውጣል። ኤላይዛ የሚባለው ይህ ዘዴ በ1971 ዓ.ም. የተገለጸ ሲሆን፣ በአንድ ግራም መብል ውስጥ የግራምን አንድ ቢሊዮንኛ ያህል መርዝ ለይቶ ያሳያል።

ሆኖም ዳኛው የምርመራውን ልክ ማወቅ ይገባዋል። የመርዙ ዓይነት ከሃያ ይበልጣል፤ የተለመደው ምርመራ ግን ከኤ እስከ ኢ ያሉትን አምስቱን ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ «አልተገኘም» ማለት «መርዝ የለም» ማለት አይደለም። ደግሞም ባክቴሪያው የሚያፈራው ፕሮቲን ኤ የሚባለው ነገር የአንቲቦዲውን ጭራ ይዞ፣ የሌለውን መርዝ አለ ሊያሰኝ ስለሚችል፣ ላቦራቶሪው ይህን መከልከሉ ሊጠየቅ ይገባል።

ይህ ሁሉ ጥበብ የሚጠቅመው ግን መብሉ ሳይጣል ሲገኝ ነው። ስለዚህ ሕመም በተሰማ ጊዜ የወረዳው ሹም ትርፉ መብል እንዳይደፋ ማዘዝ፣ ከእያንዳንዱ ጥቂት በንጹሕ ዕቃ አስከድኖ በበረዶ ወይም በማቀዝቀዣ (ከክትባት ጋር ሳይቀላቀል) ማስቀመጥ፣ የበላውን፣ የታመመውንና ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ማስጻፍ ይገባዋል። ባሕር ዳር ያለው የአማራ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ወይም አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ናሙናውን የት ማስመርመር እንደሚቻል አስቀድሞ ቢጠየቅ ጊዜ ይተርፋል። ውጤቱም እስኪደርስ ድረስ ወጥ ሠሪዋን በወሬ ብቻ ከማሰር መታገሥ የዳኝነት ወግ ነው፤ በአፍንጫዋ ባክቴሪያው ቢገኝ እንኳ ሳታውቀው የያዘችው ነገር ስለ ሆነ ወንጀል አይሆንባትም።

የላም ባለቤቶችም ግቷ ያበጠውን ወይም ወተቷ የረጋውን ላም ለብቻ አልበው ወተቱን ከመልካሙ እንዳይቀላቅሉ፣ እጁ የቆሰለ ሰው አልቦም ሆነ መብል ነክቶ እንዳይሠራ፣ ወተቱም ወዲያው እንዲፈላና እንዲቀዘቅዝ፣ የድግሱም መብል በዋዜማው ለብ እንዳለ እንዳያድር ቢያስጠነቅቁ፣ መርዙ ሳይፈጠር ይቀራል፤ ሹሙም በጎረቤታሞች መካከል ከሚነሣ የሐሰት ክስ ያርፋል።