«መጣኝ» እና «ገዢ»፦ የጄኔሬተር ቮልቴጅ በራሱ ስለሚጠበቅበት አሠራርና ስለ ስያሜዎቹ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የጄኔሬተር አያያዝ መመሪያ ለስያሜ ምርመራ ደርሶን ነበር። አማርኛው የጠራ ነው፤ ሰዋስዉም አይነቀፍም። ይሁን እንጂ የሞተሩን ፍጥነት የሚጠብቀው ክፍልና የኤሌክትሪኩን ቮልቴጅ የሚጠብቀው ክፍል ሁለቱም «ተቆጣጣሪ» በሚል አንድ ስም ተጠርተዋል። መመሪያው «መብራቱ ቢደበዝዝ ተቆጣጣሪውን በጥቂቱ ማዞር» ይላል። በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ መሣሪያውን ይጠብቅ የነበረው ሠራተኛ ቃሉን እንዳለ ፈጸመ፤ ያዞረው ግን ሊዞር የሚገባውን አልነበረም። መብራቱ ደመቀ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን የጄኔሬተሩ ጥቅል ሽቦ ተቃጠለ፤ የክትባት ማቀዝቀዣው ሞተርም አብሮ ተበላሸ። በእኛ አስተያየት ሠራተኛው የሚወቀስበት ምክንያት የለም፤ ያሳሳተው ስሙ ነው። ሁለቱ ስሞች ለምን መለየት እንዳለባቸው ለማስረዳት አስቀድመን የነገሩን አሠራር እናብራራለን።

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ መግነጢስ በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጠራል። ይህን ግፊት ቮልቴጅ እንለዋለን። መጠኑን የሚወስኑት የጥቅሉ ዙር ብዛት፣ የመግነጢሱ ብርታትና የመሽከርከሩ ፍጥነት ናቸው። የዙሩ ብዛት በፋብሪካ ተወስኖ ያለቀ ነው። ፍጥነቱም እንደ ልብ የሚለወጥ አይደለም፤ በአገራችን የተለዋዋጭ ፍሰት ድግግሞሽ በሰኮንድ 50 ስለ ሆነ፣ አራት ዋልታ ያለው ጄኔሬተር በደቂቃ 1,500 ጊዜ መዞር አለበት። እንግዲህ ቮልቴጁን ከፍና ዝቅ ለማድረግ የሚቀረን የመግነጢሱ ብርታት ብቻ ነው።

ይህ መግነጢስ በብረት ላይ በተጠመጠመ ሽቦ ቀጥተኛ ፍሰት በማሳለፍ የሚገኝ ነው። ፍሰቱ ሲጨምር መግነጢሱ ይበረታል፤ ሲቀንስ ይደክማል። ይህን ፍሰት «የማነቃቂያ ፍሰት» ብለነዋል። ከመካከላችን «የማስነሻ ፍሰት» ይሻላል ያሉ ነበሩ፤ ነገር ግን «ማስነሻ» በጋራዥ ሠራተኞች ዘንድ ሞተር ለማስነሣት የተያዘ ቃል ስለ ሆነ ተውነው። ባለሙያ የያዘውን ቃል ነጥቆ ለሌላ ነገር መስጠት መዝገብ ያደልብ ይሆናል እንጂ ለማንም አይረዳም።

አሁን ጄኔሬተሩ ምንም ሳይሸከም እየዞረ 220 ቮልት ይሰጣል እንበል። ወፍጮ ሲገጠምበት በቋሚው ጥቅል ውስጥ ፍሰት ያልፋል፤ ይህም ፍሰት የራሱን መግነጢስ ፈጥሮ ዋናውን ያዳክማል፤ ከግፊቱም ከፊሉ በራሱ በጥቅሉ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ቮልቴጁ ይወርዳል። በተለይ ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ፍሰት ሊስብ ስለሚችል መብራቱ ጭልም ይላል። ወፍጮው ሲቆም ደግሞ ቮልቴጁ ሽቅብ ዘሎ አምፖል ያቃጥላል። ቀድሞ አንድ ሰው የቮልት መለኪያውን እያየ የማነቃቂያውን ፍሰት በእጁ ያበዛና ያሳንስ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት በፈጣሪው ስም ቲሪል የተባለው መሣሪያ ይህን ሥራ ከሰው እጅ ተረከበ፤ በሰኮንድ ብዙ ጊዜ የሚከፈትና የሚዘጋ መገናኛ ነበረው፤ መገናኛው ተዘግቶ የሚቆይበት ጊዜ ሲረዝም ፍሰቱ ይበዛል፤ ሲያጥር ያንሳል። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች የሚንቀሳቀስ አካል የላቸውም፤ አሠራራቸው ግን ከዚያ ሰው አሠራር የራቀ አይደለም።

መሣሪያው ከጄኔሬተሩ ጫፍ ቮልቴጁን ይለካል፤ የለካውንም ወደ ቀጥተኛ ግፊት ለውጦ ከተመደበለት ልክ ጋር ያስተያያል። ከልኩ ካነሰ የማነቃቂያውን ፍሰት ይጨምራል፤ ከበለጠ ይቀንሳል። ፍሰቱን የሚከፍትና የሚገድበው ታይሪስተር የተባለው ክፍል ሲሆን፣ በእያንዳንዱ የፍሰት ዙር ቀደም ብሎ ሲከፈት ብዙ፣ ዘግይቶ ሲከፈት ጥቂት ያሳልፋል። በተለካውና በተመደበው መካከል ያለውን ርቀት የውጭው ቋንቋ «ስሕተት» በሚል ትርጉም ይጠራዋል። እኛ ግን «ልዩነት» ብለነዋል፤ ማንም ስላልተሳሳተ። ሠራተኛው በመሣሪያው ሰሌዳ ላይ «ስሕተት» የሚል ጽሑፍ ቢያይ መሣሪያውን ቢያጠፋው አይፈረድበትም። የውጤቱ መልእክት ወደ መነሻው ተመልሶ ሥራውን ስለሚያርም፣ ለዚህ ዙር «ግብረ መልስ» የሚለው የተለመደ ቃል በቂ ሆኖ አግኝተነዋል።

መግነጢስ ለትእዛዝ ወዲያው አይታዘዝም። በብረት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ የፍሰትን ለውጥ ስለሚቃወም፣ ትእዛዙ ከተሰጠ በኋላ ብርታቱ እስኪለወጥ ጥቂት ጊዜ ያልፋል። እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱ በረደ ብላ እንጨት ስትማግድ፣ ሙቀቱ እስኪሰማት ድረስ ደጋግማ ብትጨምር፣ በመጨረሻ እንጀራው ያርባታል። እሳቱን ብትጎትት ደግሞ ምጣዱ ከሚገባው በላይ ይበርዳል። መሣሪያውም ለጥቂት ልዩነት ብዙ እንዲያርም ከተደረገ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ እያለ ይዋዥቃል። ስለዚህ በመሣሪያው ላይ ቮልቴጅ ከሚመደብበት ብሎን ሌላ፣ መዋዠቅን የሚያረጋጋ ሁለተኛ ብሎን ይኖራል። ሁለቱን ማምታታት እንደ ልማድ የሚታይ ጥፋት ነው።

በብዙ መካከለኛ ጄኔሬተሮች መሣሪያው ዋናውን መግነጢስ በቀጥታ አይመግብም። በዚያው ዘንግ ላይ የተተከለች አንዲት ታናሽ ጄኔሬተር አለች፤ መሣሪያው የሚመግበው እርሷን ነው፤ እርሷ የምታመነጨውም አብረዋት በሚሽከረከሩ ዳዮዶች ቀጥተኛ ሆኖ ወደ ዋናው መግነጢስ ይገባል። በዚህ ዘዴ በጥቂት አምፔር ታላቁን ማዘዝ ተቻለ፤ የሚያልቅ ካርቦንም ቀረ። ይህችን ታናሽ ክፍል «አነቃቂ» ብለናታል። ሆኖም ጄኔሬተሩ ገና ሲነሣ ለመሣሪያው ኃይል ከወዴት ይመጣል? ብረቱ ከቀድሞ ሥራው ያስቀረው ጥቂት መግነጢስ የመጀመሪያውን ጥቂት ቮልት ይሰጣል፤ ከዚያ አንዱ ሌላውን እያበረታ ያድጋል። ለብዙ ጊዜ ሳይሠራ የቆየ ጄኔሬተር ይህን ቅሪት ሊያጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከባትሪ ለአፍታ ፍሰት ማሳለፍ ይበቃል፤ አዎንታዊውና አሉታዊው ጫፍ ግን መለዋወጥ የለባቸውም።

ወደ ጤና ጣቢያው እንመለስ። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ስለ ተደፈነ ሞተሩ ደክሞ በዝግታ ይዞር ነበር። ፍጥነት ሲቀንስ ድግግሞሹም ቮልቴጁም ይወርዳሉ። መሣሪያው ይህን አይቶ ቮልቴጁን ወደ 220 ለመመለስ ቢታገል የማነቃቂያው ፍሰት ከልክ ያልፋል፤ ብረቱም መግነጢስ ይጠግባል፤ ሽቦውም ይግላል። ስለዚህ ጥሩ መሣሪያ ድግግሞሹ ሲወርድ ቮልቴጁን አብሮ እንዲያወርድ ይሠራል። መብራቱ የደበዘዘው መሣሪያው ራሱንና ጄኔሬተሩን ሲጠብቅ ነበር። መድኃኒቱም ማጣሪያውን ማጽዳት፣ አለዚያም ፍጥነቱን የሚጠብቀውን ክፍል ማስተካከል ነበር። ሠራተኛው ግን በተመሳሳዩ ስም ተመርቶ የቮልቴጁን ብሎን አዞረ፤ 220 አገኘ፤ ፍጥነቱ እንደ ደከመ ቀረ። በዝቅተኛ ድግግሞሽ ሙሉ ቮልቴጅ የተቀበለው የማቀዝቀዣው ሞተርም በዚያው ጥጋብ ጋለ።

በትልልቅ ጣቢያዎች ነገሩ ከዚህ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ በጀመረው በቆቃም ሆነ ከእርሱ በኋላ በተሠሩት ግድቦች ጄኔሬተሮቹ በአንድ መረብ እንደ ተጠመዱ በሬዎች ናቸው። የአንዱ ቮልቴጅ ከሌሎቹ ከፍ ቢል ሥራ የማይሠራ፣ በመረቡና በጄኔሬተሩ መካከል የሚመላለስ ኃይል ይሸከማል። ይህም ኃይል ከንቱ አይደለም፤ ያለ እርሱ የመረቡ ቮልቴጅ አይቆምም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2003 በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በኢስትሌክ ጣቢያ የአንድ ጄኔሬተር ቮልቴጅ ጠባቂ ማነቃቂያው ስለ በዛበት ከራሱ ሥራ ወጥቶ ወደ እጅ አሠራር ተዛወረ፤ ሠራተኞቹ ሊመልሱት ሲሞክሩ ጄኔሬተሩ ከመረቡ ወጣ። በኋላ የመስመሮች ከዛፍ ጋር መነካካትና የማስጠንቀቂያ ኮምፒዩተር መበላሸት ተጨምረውበት፣ በዚያው ዕለት በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ኤሌክትሪክ አጣ። የአንዱ ጄኔሬተር መውጣት ብቻውን ይህን አላደረሰም፤ የመረቡ ቮልቴጅ የቆመበትን አንድ ምሰሶ ግን ነሥቷል።

ከዚህ በኋላ በስያሜው ላይ የወሰንነው እንደሚከተለው ነው። ቮልቴጁን የሚጠብቀው «ቮልቴጅ መጣኝ» ይባል፤ «መጠነ» በልክ ማድረግን እንጂ መሰለልን ስለማያሰማ። ፍጥነቱን የሚጠብቀው «ፍጥነት ገዢ» ይባል፤ ባለሙያዎች «ጎቨርነር» የሚሉትም ከጎኑ ይጻፍ። «ተቆጣጣሪ» ለሰው ይቅር። ሥራ የሚሠራውን ኃይል «ሠሪ ኃይል»፣ የሚመላለሰውን «ተመላላሽ ኃይል» ብንለው የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ አንዳንዶቻችን «ተመላላሽ» ሆስፒታል ያስታውሳል ብለው ስለ ተቃወሙ ይህ ገና አልጸደቀም። መረቡን የሚጠብቁት መሐንዲሶች የሚሉትን ሰምተን እንወስናለን።