በተክሉ እጅ የሚሠራ የሰብል ጠላት

በሽታ የሰውና የከብት ዕጣ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የበርበሬው ቅጠል ሲዥጐረጐርና ሲኰማተር፥ ገበሬው «ምች መታው» ቢልም፥ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ለዓይን የማይታይ ቫይረስ ነው።

የቫይረስ ነገር መጀመሪያ የታወቀው በትምባሆ ላይ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1892 ዓ.ም. ኢቫኖቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ የታመመ ቅጠል ጭማቂ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጥለያ ቢያጠልለው፥ የጠለለው ጭማቂ ጤነኛውን ተክል አሳመመ። በ1935 አሜሪካዊው ስታንሊ ይህንኑ ቫይረስ በብልቃጥ ውስጥ እንደ ጨው ቅንጣት አድርጎ ለየው። የትምባሆው ቫይረስ ከፕሮቲን ልባስና በውስጡ ከተጠቀለለው አር ኤን ኤ ከተባለ የትእዛዝ ጽሑፍ በቀር ሌላ ሀብት የለውም።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ድኻ ነገር እንዴት ማሳ ሙሉ ሰብል ያጠፋል? ምሥጢሩ ሥራውን ሁሉ በተክሉ እጅ ማሠራቱ ነው።

ለምሳሌ በርበሬንም የሚያጠቃውን «የድንች ቫይረስ ዋይ» እንመልከት። ክሽክሽ ከታመመው ቅጠል መጥጣ ወደ ጤነኛው ስትሄድ ቫይረሱን ታደርሰዋለች። በተክሉ ሕዋስ ውስጥ ራይቦሶም የሚባሉት ሠራተኞች ትእዛዝ እያነበቡ ፕሮቲን ይሠራሉ። ትእዛዙን ተቀብሎ የሚያቀርብላቸው «ኢ አይ ኤፍ ፎር ኢ» የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ይህም ማኅተሙን አይቶ ደብዳቤውን ወደ ክፍሉ እንደሚመራ መዝገብ ቤት ነው። ቫይረሱ ግን እውነተኛው ማኅተም የለውም፤ በፈንታው ቪ ፒ ጂ የተባለ የራሱን ፕሮቲን በጽሑፉ ጫፍ ላይ ለጥፎ ይቀርባል። መዝገብ ቤቱም ይቀበለዋል፤ ሕዋሱም ከዚያ በኋላ የጠላቱን ትእዛዝ ይፈጽማል።

በዚህ ቫይረስ የማይታመሙ የበርበሬ ዓይነቶች ግን አሉ። በ2002 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙት፤ በእነዚህ በርበሬዎች ይኸው ፕሮቲን ቅርጹ በጥቂቱ የተለወጠ ነው። የተክሉን ሥራ ይሠራል፥ ቪ ፒ ጂን ግን አይዝም። ቫይረሱም በበኩሉ ቪ ፒ ጂን እየለወጠ መግቢያ ይፈልጋል፤ ትግሉ ማብቂያ የለውም።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ1951 በካሊፎርኒያ ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ ተነሣ። የሚቋቋም ዘር ሲፈለግ «ዋይ ዲ 2» የተባለው የመከላከያ ዘረ መል የተገኘው ከኢትዮጵያ በሄዱ ገብሶች ውስጥ ነው።

በቫይረስ የታመመ ሰብል በማሳው ላይ ረጭተው የሚያድኑበት መድኃኒት የለም፤ ዋናው መከላከያ በዘሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ምርቱ አነስተኛ ነው» ተብሎ የሚጣለው የአያቶቻችን ዘር፥ ነገ የሚፈለገውን ፕሮቲን ይዞ እንዳይጠፋ መጠበቅ ይገባናል።