የሰው ቤት የሚያከራይ ወኪል ግዴታዎች

የሌላ ሰው ቤት ለቀናት ወይም ለሳምንታት የሚያከራይ፣ ኪራዩን የሚሰበስብና ቤቱን የሚጠብቅ ሰው በኢትዮጵያ ሕግ ወኪል ነው። ግንኙነቱን የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ የውክልና ውል ትርጓሜ በአንቀጽ 2199 ሰፍሯል። ደላላ አከራይና ተከራይን አገናኝቶ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል። ወኪል ግን በባለቤቱ ስም ይዋዋላል፤ የፈረመውም ውል ባለቤቱን ያስራል።

ሥልጣኑ ከውክልና ሰነዱ ይመነጫል። በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት የውክልና ሰነድ ተረጋግጦ ይመዘገባል። ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ የመሥራት ሥልጣን ብቻ ነው፤ አንቀጽ 2204 ቤት መጠገንን፣ ዕዳ መሰብሰብንና ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየትን ከነዚህ ይቆጥራል። መሸጥ፣ በዋስትና ማስያዝ ወይም ፍርድ ቤት መቆም ልዩ ውክልና ይጠይቃል።

ለምሳሌ በጋምቤላ ክልል በአቦቦ ወረዳ፣ በአልዌሮ ግድብ አቅራቢያ ቤት ያለው ሰው አዲስ አበባ ይኖራል እንበል። በግድቡ አካባቢ ለጥናት የመጣ ባለሙያ ቤቱን በሌሊት በ1,200 ብር ሒሳብ ለ5 ሌሊት ተከራየ። የተሰበሰበው 6,000 ብር ነው። የወኪሉ ድርሻ 10 በመቶ ከሆነ 600 ብር ይቀነሳል፤ የተቀደደ አጎበር ለመተካት 400 ብር ወጥቶ ደረሰኝ ከቀረበ፣ ለባለቤቱ የሚደርሰው 5,000 ብር ይሆናል።

የወኪሉ ግዴታዎች በዚህ ሒሳብ ውስጥ ይታያሉ። የመጀመሪያው ፍጹም ቅን ልቦና ነው (አንቀጽ 2208)። ሁለተኛው ለባለቤቱ ጥቅም ብቻ መሥራት ነው፤ ኪራዩን 1,500 ብር ተቀብሎ 1,200 ብር ማስመዝገብ፣ ወይም ከአጎበር ሻጩ የድብቅ ጉርሻ መቀበል አንቀጽ 2209ን ይጥሳል። ቤቱን ለራሱ በርካሽ ቢከራይም ባለቤቱ ውሉን ማስፈረስ ይችላል። ሦስተኛው ትጋት ነው፤ ሕጉ መለኪያ ያደረገው መልካም የቤተሰብ አባት ለንብረቱ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ነው። አራተኛው ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ሒሳብ ማቅረብ ነው (አንቀጽ 2213)። የኪራዩን ገንዘብ ለግሉ ያዋለ ወኪል ወለድ ይከፍልበታል።

ውክልናው ጥገናን የማያካትት ሆኖ ነፋስ ጣሪያውን ቢያነሳና ባለቤቱን ማግኘት ባይቻል፣ ወኪሉ በቅን ልቦና ከሥልጣኑ አልፎ ያሠራውን አስቸኳይ ጥገና ባለቤቱ ሊያጸድቅለት ይገባል። ስልክ ደውሎ መጠየቅ እየቻለ ዝም ካለ ግን ይህ ጥበቃ አይኖረውም።

የኪራዩ ዓይነት ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ስለዚህ ቤቱ የሚከራየው ለመኖሪያ ነው ወይስ ለእንግዳ ማረፊያነት የሚለው ከመዋዋል በፊት መለየት አለበት። የኪራይ ገቢ በሠንጠረዥ “ለ” ግብር ስለሚከፈልበት፣ የየእንግዳው ደረሰኝ መያዝ አለበት።

ባለቤቱ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ ሊሽር ይችላል፤ ከሁለቱ የአንዱ ሞትም ያቋርጠዋል። ሲቋረጥ ወኪሉ የውክልና ሰነዱንና ቁልፉን ይመልሳል፣ የመጨረሻ ሒሳቡን ያቀርባል፣ በእጁ የቀረውንም ገንዘብ ያስረክባል።