ደረጃው ሥር የቀረ መብት

በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ብዙ ነገር ያሰላል። ጉዳዩ ያለበት ቢሮ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው? ሊፍቱ ይሠራል? መብራት ቢጠፋስ? ታክሲው ወንበሩን ይጭንለታል ወይስ ረዳቱ እንደ ዕቃ ቆጥሮ ተጨማሪ ሒሳብ ይጠይቀዋል? ከሁሉ የሚከብደው ግን የመጸዳጃ ቤቱ ነገር ነው። በሩ ዊልቸር ካላስገባ ቀኑን ሙሉ ሽንት ይዞ መዋል ሊመጣ ነው። ስለዚህ ከቤት በሚወጡበት ቀን ውኃ የማይጠጡ አሉ። የአከርካሪ አጥንት ጉዳት ያለበት ሰው ፊኛውና ኩላሊቱ ለኢንፌክሽን የተጋለጡ በመሆናቸው ይህ ልማድ አደገኛ ነው። የበር ጥበት በሽታ ያመጣል ስንል ማጋነን አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኢትዮጵያ ሕግ አጥታ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሥራ መብታቸውን ያስከብራል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አገሪቱ አጸደቀች። ለዕለት ኑሮ ከሁሉም የሚቀርበው ግን የሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 624/2001 ነው። አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ ዊልቸር ለሚጠቀሙ፣ እንዲሁም መራመድ እየቻሉ ደረጃ ለሚያቅታቸው ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። መጸዳጃ ቤት ባለበትም ለእነርሱ የሚሆን እንዲዘጋጅ አስገድዷል።

ታዲያ ምን ተሠራ? ብዙ ቦታ ራምፕ የሚባል ነገር አለ፤ አብዛኛው ግን ለሰው የተሠራ አይመስልም። በስፋት የሚሠራበት ልክ ለአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ነው። የሕንፃው ወለል ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ራምፑ ከ7 ሜትር በላይ ሊረዝም ይገባል። እኛ ዘንድ ግን ያንኑ ከፍታ በሁለት ሜትር የሚጨርስ፣ የሚያንሸራትት ሴራሚክ የለበሰ፣ መደገፊያ የሌለው ዳገት ማየት የተለመደ ነው። በዚያ ላይ ብቻውን የሚወጣ ሰው ወደ ኋላ ይገለበጣል። ስለዚህ ጥበቃው ይጠራል፤ አላፊ አግዳሚው ይተባበርና ሰውየውን ከነወንበሩ ተሸክሞ ያስገባል። ይህን ደግነት አላቃልልም። ነገር ግን የባንክ ሒሳቡን ለማንቀሳቀስ የመጣ ጎልማሳ በሰው ፊት እንደ ሕፃን መታቀፍ የለበትም። ታክሲ ሲጠብቅ ከንፈር ተመጥጦለት እጁ ላይ ሳንቲም የሚቀመጥለት ሰው ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል።

በኮንዶሚኒየም ዕጣም ለአካል ጉዳተኞች ድርሻ ተይዟል። ይሁን እንጂ ሊፍት በሌለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት የደረሰው ሰው ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር እህቱ ጋ ቡና ሊጠጣ አይሄድም፤ እሷ ትመጣለች እንጂ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ከመሬት ከፍ ባሉት ጣቢያዎቹ ሊፍቱ በቆመ ቀን ለዊልቸር ተጠቃሚ የለም ማለት ነው። በኮሪደር ልማቱ የሰፉት የእግረኛ መንገዶች በእውነት ትልቅ እፎይታ ናቸው። ከዋናው ጎዳና ወደ መኖሪያ መንደሩ ሲታጠፍ ግን ኮብልስቶኑና ክፍት ቦዩ ይጠብቃል።

የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የመዘገባቸው አካል ጉዳተኞች አንድ ሚሊዮን አይሞሉም፤ ከሕዝቡ ከመቶ ሁለት እጅ በታች ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን የዓለምን ድርሻ 16 በመቶ ያህል ያደርሰዋል። የመቁጠሪያው ስልት ልዩነት እንዳለ ሆኖ፣ ልጃቸውን ከእንግዳ ዓይን ጓዳ የሚሸሽጉ ቤተሰቦች እንዳሉ ለምናውቅ ለእኛ ቁጥሩ አያስገርመንም።

አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የሕንፃ አዋጁ ራሱ የሕንፃ ሹም የሚባል ባለሥልጣን አቁሟል፤ ትልልቅ ሕንፃዎችም ያለ መጠቀሚያ ፈቃድ አገልግሎት መጀመር አይችሉም። እንግዲህ የሕንፃ ሹሞች ሆይ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ የዊልቸር ተጠቃሚ ጋብዙ፤ ያለ ማንም እርዳታ ከበሩ ገብቶ፣ መጸዳጃ ቤት ደርሶ ይመለስ። ካልቻለ ፈቃዱን አትስጡ።