ያው መኪና ወይስ ሌላ? በጥንታዊ መኪኖች እድሳት ውስጥ የእውነተኛነት ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1990 ለእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የቀረበ አንድ የሽያጭ ክርክር፣ ከገንዘቡ ብዛት ይልቅ ባነሣው ጥያቄ ምክንያት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የቀረቡ ናቸው)። አንድ የጥንታዊ መኪና ባለቤት «ኦልድ ነምበር ዋን»፣ ማለትም «አሮጌው ቁጥር አንድ» በመባል የሚታወቀውን የቤንትሌይ የውድድር መኪና በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለመሸጥ ተዋዋለ። ገዢው ድርጅት ግን የቀረበለት መኪና ስሙን ይዟል እንጂ ያ ዝነኛ መኪና አይደለም በማለት ውሉን ለመፈጸም ፈቃደኛ ሳይሆን ቀረ። ዳኛው ኦቶን እንዲመልሱት የተጠየቁት ነገር ለሕግ ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ለፈላስፋም የሚከብድ ነበር፦ ክፍሎቹ በየጊዜው እየተነቀሉ በሌላ የተተኩ መኪና፣ ያው የቀድሞው መኪና ነው ሊባል ይችላልን?

መኪናው «ስፒድ ሲክስ» ከሚባለው የቤንትሌይ ዓይነት ሲሆን፣ በፈረንሳይ ለማን የሚካሄደውን የ24 ሰዓት ውድድር በ1929 እና በ1930 በተከታታይ አሸንፏል። በሁለቱም ጊዜያት ከአሽከርካሪዎቹ አንዱ የቤንትሌይ ድርጅት ሊቀ መንበር የነበረው ዉልፍ ባርናቶ ነው። የውድድር መኪና ደግሞ እንደ ተሠራ አይቆይም፤ የተሰበረው ይተካል፣ የደከመው ይነቀላል፣ ፍጥነት የሚጨምር ነገር ከተገኘ ያለ ማመንታት ይገጠማል። እስከ 1932 ድረስ ሻንሲውም ሞተሩም ተለውጠው መኪናው ባለ 8 ሊትር ሞተር ሆኖ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ወር በብሩክላንድስ የውድድር ሜዳ ከመንገዱ ወጥቶ ተከሰከሰ፤ አሽከርካሪው ክላይቭ ደንፊም ሕይወቱ አለፈ። ከአደጋው የተረፈው መኪና ተጠግኖ፣ ዝግ ካሮሴሪ ተሠርቶለት፣ ለባርናቶ የግል አገልግሎት ዋለ።

ዳኛው የባለሙያዎችን ምስክርነት ካዳመጡ በኋላ የሰጡት ትንተና በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው ነው። በ1929 ካሸነፈው መኪና የቀረ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከ1930ው የተረፉት የፔዳል ዘንጉ፣ የካምቢዮው ቤትና የመሪው ዘንግ ብቻ ናቸው። የ1932ቱ ሻንሲና ሞተር ግን በአመዛኙ አሉ። ስለዚህ መኪናው «ኦሪጂናል» ሊባል አይችልም። ይሁን እንጂ አንድም ጊዜ ጠፍቶ ወይም ፈርሶ እንደ ገና ከቁርጥራጭ የተፈጠረ አይደለም፤ የተለወጠው ሕይወቱ ሳይቋረጥ ነው፤ ስሙ የእኔ ነው ብሎ የሚከራከረው ሌላ መኪናም የለም። በዚህ ምክንያት ትክክለኛው «አሮጌው ቁጥር አንድ» እርሱ ነው ሲሉ ፈረዱ። ገዢው ተረታ።

አመክንዮው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። የሣር ክዳኗ በቆርቆሮ፣ የጭቃ ግድግዳዋ በድንጋይ የተለወጠ ቤተ ክርስቲያን በምእመናኗ ዘንድ ያችው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ማንነቷን የሚሸከመው ታቦቱ እንጂ ግድግዳው አይደለምና። መኪና ግን እንዲህ ያለ ማኅተም የለውም። ለዚያ ቦታ ጥቂት የሚቀርብ ነገር ቢኖር በሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ነው፤ እርሱም ቢሆን ብረት ላይ ያለ ምልክት በመሆኑ ይዝጋል፣ ይቆረጣል፣ በሌላ ሻንሲ ላይ ይመታል። በሌላ በኩል፣ የሕንፃ ታሪክ የሚያጠና ተመራማሪ የሣሩ ክዳን ሲፈርስ የአናጺዎቹ የአሠራር ጥበብ አብሮ መጥፋቱን ያስተውላል። ለምእመኑ ምንም ያልጎደለበት ለውጥ ለተመራማሪው የማይመለስ ኪሳራ ነው። የጥንታዊ መኪና አፍቃሪዎችን ለዓመታት ሲያከራክር የኖረው ጉዳይ በእነዚህ በሁለቱ አመለካከቶች መካከል ያለው ርቀት ነው፤ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ የስሙን ጥያቄ ፈታ እንጂ የአካሉን አልፈታም።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚጎላው በእድሳት ሥራ ላይ ነው። ለአብነት ቀለምን ብንወስድ፣ እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አብዛኛዎቹ መኪኖች በዘይት ቀለምና በቫርኒሽ እየተደራረቡ ይቀቡ ስለ ነበር ሥራው ሳምንታት ይፈጅ ነበር። በ1920ዎቹ አጋማሽ የተስፋፋው የኒትሮሴሉሎስ ቀለም ይህን ወደ ሰዓታት አሳጠረው፤ ነገር ግን ስስ ነው፣ ፀሐይ ያደበዝዘዋል፣ ዕድሜ ይሰነጥቀዋል። የዛሬ አዳሽ አሮጌውን ቀለም እስከ ላሜራው ፍቆ፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞልቶ፣ ዘመናዊውን ባለ ሁለት ውሕድ ቀለም ሲረጭበት የሚያገኘው አንጸባራቂ ገጽ ከፋብሪካ በወጣበት ዕለት እንኳ መኪናው ያልነበረው ነው። ፍቆ ከጣለው አቧራ ጋር ደግሞ ሌላ ነገር ይሄዳል፦ የቀለሙ ንብርብሮች ቅደም ተከተል፣ የቀቢው የብሩሽ ዱካ፣ ቀደም ሲል የተደረገ ጥገና ምልክት፣ ምናልባትም ከሥር ተቀብቶ የተሸፈነ የውድድር ቁጥር። ከካሮሴሪው ሥር ያለው የእንጨት አጽምም እንዲሁ ነው። በስብሷል ተብሎ በአዲስ ሲተካ የአናጺው የእርሳስ ምልክትና የመጋዙ አቅጣጫ አብረው ይጣላሉ። የተወገደው ክፍል ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰነድ በተረፈ ነበር፤ በጋራዥ ውስጥ ግን የተነቀለ ክፍል ብዙ ጊዜ ቁርጥራጭ ብረት ነው።

አፍቃሪዎቹ ወደዚህ የሚገፉት በግዴለሽነት አይደለም። የዕይታ ውድድሮች ደንብ ራሱ ለረጅም ጊዜ ይህንኑ ሲሸልም ኖሯል። በካሊፎርኒያ ፔብል ቢች በ1950 የተጀመረው ዝነኛ የመኪና ትርኢት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፍተኛውን ሽልማት ይሰጥ የነበረው ለአዳዲስ መኪኖች ነበር። በ1955 ግን፣ ኋላ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን የበቃው ፊል ሂል የአክስቱ የነበረውን የ1931 ፒርስ አሮው አድሶ አቀረበና አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ የእድሳት ጥራት የውድድሩ ዋና መለኪያ ሆነ። ዳኞች ጉድለት እየፈለጉ ነጥብ በሚቀንሱበት ሥርዓት ውስጥ ስንጥቅ ያለበት የመቀመጫ ቆዳ ጉድለት ነው፤ ቆዳው በ1931 የተሰፋ መሆኑ ነጥብ አያስገኝም። አሠራሩ ቀስ በቀስ ተለውጦ ሳይታደሱ ለቆዩ መኪኖች የተለየ ምድብ ተፈጠረ። በ2024 ቀለሙ ያረጀና የተላጠ፣ በ1934 የተሠራ ቡጋቲ ዓይነት 59 የትርኢቱን ታላቅ ሽልማት ሲያገኝ፣ ከዚህ ምድብ ለዚህ ክብር የበቃ የመጀመሪያው መኪና ሆነ። ከ1955 እስከዚያ ድረስ 69 ዓመታት አልፈዋል። በእነዚያ ዓመታት ስንት ያልተነካ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እንደ ተፋቀ የቆጠረ የለም።

እንግዲያው መኪናውን ጨርሶ አለመንካት ይሻላልን? እዚህ ላይ መኪና ከሥዕልና ከሐውልት ይለያል። የተሠራው ለመንቀሳቀስ ነው፤ ቆሞ ሲኖርም በራሱ መንገድ ይሞታል። በታንኩ ውስጥ የቀረ ቤንዚን ይዝላል፤ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ጎሚኒዎች ይደርቃሉ፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ ይዝጋል። ከዚህም በላይ የሞተሩ ድምፅ፣ የፍሪሲዮኑ ክብደት፣ ዳገት ላይ የሚጠይቀው ትዕግሥት በመስተዋት ውስጥ ሊቀመጡ የማይችሉ ዕውቀቶች ናቸው። በየዓመቱ ከለንደን ወደ ብራይተን የሚደረገው ጉዞ ይህን በግልጽ ያሳያል። ጉዞው በእንግሊዝ የመኪና ፍጥነት ገደብ በሕግ ከፍ በተደረገበት በ1896 የተደረገውን የደስታ ጉዞ የሚያስታውስ ሲሆን፣ በ1927 እንደ ገና ተጀምሮ፣ በጦርነት ዘመንና በ1947 የነዳጅ እጥረት እንደ ሆነው አንዳንድ ጊዜ ከመቋረጡ በስተቀር ቀጥሏል። የሚሳተፉት ከ1905 በፊት የተሠሩ መኪኖች ብቻ ናቸው። 60 ማይል ያህል ለሚሆነው መንገድ መኪናውን ማዘጋጀት ግን ክፍል መለወጥን ማስከተሉ አይቀርም። ነዳጁ ራሱ ተለውጧል፤ ከ2021 ጀምሮ በብሪታንያ በስፋት የሚሸጠው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ስላለበት አሮጌ የነዳጅ ቱቦዎችንና ጎሚኒዎችን ይጎዳል። መንዳት የሚፈልግ ቱቦውን መለወጡ ግድ ነው።

ለዚህ ተቃርኖ ከቀረቡት ምላሾች ይበልጥ የታሰበበት የዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን የቱሪን ቻርተር ይመስላል። በ1966 የተመሠረተው ይህ ፌዴሬሽን ቻርተሩን ያጸደቀው በ2013 ሲሆን፣ መነሻው በ1964 ለሐውልቶችና ለታሪካዊ ሥፍራዎች የወጣው የቬኒስ ቻርተር ነው። ሰነዱ መንዳትን አይከለክልም፤ እንዲያውም ተሽከርካሪው ትርጉም የሚኖረው ሲንቀሳቀስ መሆኑን ይቀበላል። የሚጠይቀው ለውጡ ትንሽና የሚመለስ እንዲሆን፣ አዲስ የገባው ክፍል ተለይቶ እንዲታወቅ፣ የወጣው እንዲቀመጥ፣ ሥራውም በጽሑፍ እንዲመዘገብ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ የነዳጅ ቱቦን መለወጥና ቀለምን እስከ ላሜራ መፋቅ ሁለቱም «እድሳት» ቢባሉም እጅግ የተራራቁ ድርጊቶች ናቸው፤ የመጀመሪያው ነገ ሊመለስ ይችላል፣ ሁለተኛው በፍጹም።

ሆኖም የዚሁ ፌዴሬሽን ብያኔ አንድ ክፍተት አለው። ጥንታዊ ተሽከርካሪ ማለት ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ ከታሪኩ ጋር በሚስማማ ሁኔታ የተጠበቀ፣ ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማይውል ነው ይላል። የመጨረሻው መስፈርት መኪናን እንደ ትርፍ ንብረት ማቆየት ለሚቻልበት አገር የሚመች ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም የሚታዩት አሮጌ ቮልስዋገኖች፣ በተለምዶ ቮልስ የሚባሉት፣ ብዙዎቹ ሠርተው የሚያድሩ ናቸው። ባትላሜራ ደጋግሞ የቀጠቀጣቸው፣ ከሌላ መኪና ሞተር የተዋሱ፣ ቀለማቸው ከባለቤት ባለቤት የተለወጠ ናቸው። በፌዴሬሽኑ ሚዛን ሲመዘኑ ይወድቃሉ። በዳኛ ኦቶን ሚዛን ግን ያልፉ ይሆናል፤ ሕይወታቸው አልተቋረጠምና።

ልዩነቱ ማስረጃው ላይ ነው። ለቤንትሌዩ ፎቶግራፎች፣ የውድድር ዘገባዎችና የባለሙያ ምስክሮች ስለ ነበሩለት ያልተቋረጠ ሕይወቱን በፍርድ ቤት ማስረዳት ተችሏል። ለአንድ የአዲስ አበባ ቮልስ ያለው ሰነድ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር የሰፈረበት ሊብሬ፣ በቤተሰብ አልበም ውስጥ ያለ ፎቶግራፍ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምን መቼ እንደ ተለወጠ የሚያስታውሰው መካኒክ ነው። ሊብሬው ቁጥሩን ይይዛል እንጂ ምክንያቱን አይነግርም። ምክንያቱን የሚያውቁት መካኒኮች አብዛኛዎቹ አርጅተዋል።