ከፍላሽ ወደ ኮምፒዩተር የሚጋባውን ትል ስለ ማስወገድ

በጎፋ ገብርኤልና በጎፋ መብራት ኃይል አካባቢ ካሉት የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም የሄደ ተማሪ፣ ፍላሹን መልሶ ሲከፍት በፋይሎቹ ፈንታ ሾርትከት ብቻ ተደርድሮ የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሥራው የጠፋ ይመስለዋል፤ አንዳንዱም «ፎርማት ይደረግ» የሚለውን ምክር ሰምቶ፣ ያልጠፋውን ጽሑፍ በገዛ እጁ ያጠፋል።

ትሉ ግን ፋይሉን አይሰርዝም። የድብቅ ፋይል ምልክት ሰጥቶ ከዓይን ይሰውረውና በዚያው ስም ሾርትከት ያስቀምጣል። ባለቤቱ ይህን ሲጫን በመጀመሪያ የትሉ ስክሪፕት ይሠራል፤ ወዲያው ደግሞ እውነተኛው ፎልደር ስለሚከፈት ሰውየው አንዳች ነገር አይጠረጥርም። ከዚያ ወዲያ ትሉ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር አብሮ እየተነሣ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። ሁዲኒ የሚባለው ዐይነትማ፣ በሩቅ ያለ ሰው ማሽኑን እንዲያዝበት በር ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስታክስኔት የባሰ ነበር፤ ሾርትከቱ መታየቱ ብቻ ይበቃው ነበርና። ያን ቀዳዳ ለመድፈን ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ማስተካከያ አውጥቷል።

ስለዚህ አስቀድሞ መጽዳት ያለበት ፍላሹ ሳይሆን ኮምፒዩተሩ ነው፤ አለዚያ ድካሙ በወንፊት ውሃ መቅዳት ይሆናል። ፍላሹ ይነቀል፤ ኢንተርኔቱም ይቋረጥ። በዊንዶውስ 10 እና 11 ያለው ዲፌንደር «ኦፍላይን» የሚባል ምርመራ አለው፤ ይኸውም ዊንዶውስ ሳይነሣ ስለሚፈትሽ ትሉን በተኛበት ይይዘዋል። ቀጥሎ በታስክ ማናጀር የስታርትአፕ ዝርዝር ውስጥ እንግዳ ስክሪፕት ቀርቶ እንደ ሆነ መመልከት ነው።

ከዚህ በኋላ ፍላሹ ይሰካ፤ ሾርትከቶቹ ግን አይነኩ። የተደበቁ ፋይሎችና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ የፎልደሩ አማራጭ ሲለወጥ፣ የጠፋው ጽሑፍ ደብዘዝ ብሎ ብቅ ይላል፤ አንዳንድ ጊዜም ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ወደ ኮምፒዩተሩ የሚገለበጡት ሰነዶችና ሥዕሎች ብቻ ናቸው፤ ስክሪፕትና ፕሮግራም እዚያው ይቅሩ። ተገልብጠውም እንደ ተደበቁ ከቀሩ፣ አትሪብ የተባለው ትእዛዝ ምልክቱን ያነሣላቸዋል። ሰነዶቹ በትክክል መከፈታቸው ሲረጋገጥ፣ ያን ጊዜ ፎርማቱ ተገቢ ይሆናል።

በተበከለው ማሽን ላይ የተጻፉት የይለፍ ቃሎች ንጹሕ ከሆነ ሌላ ኮምፒዩተር ይለወጡ። ለኅትመት ሲኬድም ጽሑፉን በፒዲኤፍ አድርጎ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም መላክ ፍላሽ ከመስጠት ይሻላል፤ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ማሽን በቀን የስንቱን ፍላሽ እንደሚቀበል ማሰብ ነው።