የሲሶና የሩብ ድምር

በካዛንቺስ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ ሩብ ኪሎ ቡና ያስመዘነ፣ በላዩም ሌላ ሩብ ያስጨመረ ሰው፣ የያዘው ግማሽ ኪሎ መሆኑን ለማወቅ እርሳስም ወረቀትም አያሻውም፤ የሁለቱ ክፍሎች መጠን አንድ ነውና። ሲሶና ሩብ ይደመሩ በተባለ ጊዜ ግን ብዙ ተማሪ ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምሮ 2/7 ብሎ ይጽፋል። የስሕተቱ ምስክር በመልሱ ውስጥ አለ፤ 2/7 ከሲሶው ከራሱ ያንሳል፣ ድምር ደግሞ ከተደማሪው አንሶ ሊገኝ አይችልም።

ታሕት የክፍሉን መጠን፣ ላዕል ደግሞ የክፍሎቹን ብዛት የሚያመለክት ስለ ሆነ፣ መጠናቸው የተለያየ ክፍሎች አስቀድመው በአንድ መስፈሪያ ካልተሰፈሩ በቀር በአንድነት ሊቆጠሩ አይችሉም።

ይህን ሕግ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ፣ ማለት በዘመን አቆጣጠር ትምህርት፣ ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል፤ ካዛንቺስ ላለበት ክፍለ ከተማ ስሙን በሰጠው በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ በሌሎቹ አድባራት፣ አጽዋማቱና በዓላቱ በየዓመቱ የሚታወጁት በዚሁ ቀመር ነው። ሊቃውንቱ አንዱን ዕለት፣ ማለት መዓልቱንና ሌሊቱን፣ በ60 ኬክሮስ ይከፍሉታል፤ አንዱም ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። እንግዲህ የዕለት ሲሶ 20 ኬክሮስ፣ ሩቡም 15 ኬክሮስ ስለ ሆነ፣ ድምሩ 35 ኬክሮስ፣ ይኸውም 35/60 ነው፤ ላዕሉንና ታሕቱን ለ5 ብናካፍላቸው 7/12 እናገኛለን። በፀሐይ ዓመት ከ365 ዕለት በላይ የሚተርፈው 15 ኬክሮስ በአራት ዓመት ተጠራቅሞ 60 ሲሞላ ጳጉሜን 6 የምትሆነውም በዚሁ ስሌት ነው።

ይሁን እንጂ ለሲሶና ለሩብ እስከ 60 መሄድ ግድ አይደለም፤ 3ም 4ም ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ትንሹ ቁጥር፣ ማለት ትንሹ የጋራ ብዜት፣ 12 ስለ ሆነ፣ 4/12 እና 3/12 ተደምረው ያንኑ 7/12 ይሰጣሉ። ታሕቶቹ እንደ 4ና እንደ 6 የጋራ አካፋይ ሲኖራቸው ደግሞ፣ እርስ በርስ ማባዛት ወደ 24 ቢያደርስም ትንሹ የጋራ ብዜታቸው 12 ብቻ ነው። በየተራ የሚፈራረቁት የአራቱ ወንጌላውያን ዓመታት ከሰባቱ ዕለታት ጋር በ28 ዓመት፣ ይህም አውደ ፀሐይ የሚባለው ዑደት አውደ አበቅቴ ከሚባለው የ19 ዓመት ዑደት ጋር በ532 ዓመት የሚገጥሙት በዚሁ የጋራ ብዜት ሕግ ነው።

ስለዚህ መምህራንና ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ደንቡን በቃላቸው ከመያዛቸው በፊት ምክንያቱን አስረዷቸው፤ ድምሩንም ባገኙ ቁጥር ከተደማሪዎቹ ጋር እንዲያመዛዝኑ አስለምዷቸው።